ይቺ ሲሚንቶ ትቅር

ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ እናት፣ በረንዳው ጫፍ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡት አያት፣ ውሃ ልክ የሚባለው የንጣፍ ሥራ ተቋራጭና ቁንጫ።

ቁንጫ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ሕፃን ሳለች አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት አባቷ የለጠፈባት ነው። አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት። የበረንዳው ደረጃ ላይ ጉልበቶቿን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ከቁርስ ወዲህ ከዚያ አልተነሳችም።

ውሃ ልክም ስሙ አይደለም። የወለልን መስተካከል የምትለካው፣ መሃሏ ላይ አረፋ ያለባት ቢጫ መሣሪያ ከኋላ ኪሱ ስለማትለይ ሰው ሁሉ በእሷ ይጠራዋል። ሻይ ሲያቀርቡለት መጀመሪያ ጠረጴዛውን ይለካል እየተባለ ይቀለድበታል።

«እህቴ፣ እኔ በወሬ አልሸጥም» አለ ከጆንያው ውስጥ ድንጋይ እያወጣ። «ዕቃው ራሱ ይናገር።»

«እስካሁን የተናገርከው ግን አንተ ነህ» አሉ አያት ከበረንዳው።

ውሃ ልክ ሳቀ። ናሙናዎቹን መሬት ላይ ደረደራቸው። በጣሳ የመጣ ጠጠር አለ። ጥቁር ጠረብ ድንጋይ አለ። መስታወት የሚመስል ታይል አለ። ጠርዙ የተሞረደ ግራጫ የሲሚንቶ ንጣፍም አለ፤ እሱ ከሁሉም አያምርም።

ከእሱ በፊት ሌላ ተቋራጭ መጥቶ ነበር። ወጣት ነው። ነጭ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካበት በሩ ላይ ቆሞ፣ በታብሌት የትልልቅ ቤቶችን ፎቶ እያገላበጠ አሳያቸው። እናት «ለተሽከርካሪ ወንበር ይሆናል?» ብላ ስትጠይቀው «ለምንም ይሆናል» አላት። ሰውየው ከወጣ በኋላ አያት «ለምንም የሚሆን ነገር ለምንም አይሆንም፤ ሌላ ፈልጊ» አሏት። ውሃ ልክ የተጠራው እንዲህ ነው።

ከበሩ እስከ በረንዳው ያለው መሬት አፈር ነው። ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲደርቅ አቧራ ይሆናል። አያትን ለሕክምና የሚወስደው የኪራይ መኪና ባለፈው የዝናብ ወቅት መሃል ላይ ተቀርቅሮ፣ እናትና ሹፌሩ አያትን በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው አወጧቸው። አያት እዚያው በሰው እጅ ላይ ሆነው «ቀስ በሉ፣ የሚሰበር ዕቃ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቤት ሲመለሱ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ፤ እራትም አልበሉም። በማግስቱ እናት «ይሄ መንገድ ይሠራል» አለች።

አባት የለም። መጀመሪያ «ለሥራ ሄዷል» ይባል ነበር። ከዚያ «ለሥራ» የሚለው ተረሳና «ሄዷል» ብቻ ሆነ። መኪናውንም ይዞ ነው የሄደው። አያት የእሱ እናት ናቸው፤ ነገር ግን ተከትለውት አልሄዱም። «እኔን የምታጥበኝ ምራቴ ናት። እሱ የራሱን ካልሲ አያጥብም» አሉ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

እሁድ እሁድ ይደውላል። ቁንጫ «ደህና ነኝ» ትላለች። «ትምህርትስ?» ይላታል። «ደህና ነው» ትላለች። ከዚያ ስልኩን ለአያቷ ትሰጣለች። አልተናደደችም። አልናፈቀችም። ጥርስ ሊነቀል ሲል የሚወጉት መርፌ ድድን የሚያደርገው ነገር አለ፤ በምላስ ቢነኩት የራስ አይመስልም። እሷም እንደዚያ ነበረች፤ ከላይ እስከ ታች።

«ይሄ ታይል ስንት ቤት አስገብቶኛል መሰላችሁ!» አለ ውሃ ልክ፣ የሚያብረቀርቀውን በእጅጌው እየወለወለ።

አያት አንገታቸውን አስግገው አዩት። «ጥሩ ነው። ስወድቅ መልኬን አይበታለሁ።»

እናት ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ታይሉ ወደ ጆንያው ተመለሰ።

ከዚያ እናት አንድ ነገር አደረገች። አያትን ደረጃው ላይ በተጋደመው ሳንቃ ወደ ግቢው አወረደቻቸውና ናሙናዎቹን አንድ በአንድ በወንበሩ መፈተን ጀመረች። ጠጠሩን መሬት ላይ ደፍታ ስትገፋ የፊተኞቹ ትንንሽ ጎማዎች ሰመጡ። ጠረብ ድንጋዮቹን ጎን ለጎን አስቀምጣ ስትገፋ ወንበሩ ተንገጫገጨ።

«የቀረኝ ጥቂት ጥርስ ነው፤ እሱንም ልታራግፊው ነው?» አሉ አያት።

«ይቅርታ እማማ፤ አሁን የመጨረሻው ነው።»

የሲሚንቶው ንጣፍ ላይ ጎማዎቹ ያለ ድምፅ ሄዱ። አያት «ይሄኛው አፉን ይዘጋል» አሉ።

«ተመረጠ!» አለ ውሃ ልክ። «ግራጫ ነው ቀይ? ቀዩም አለኝ።»

እናት ወደ ደረጃው ዞረች። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ያው ነው» አለች ቁንጫ።

«ያው ነው፣ ያው ነው! ምን ይሻልሻል? ቀለም እንኳ አትመርጪም?»

«እሺ፣ ግራጫ።»

«ለምን ግራጫ?»

«መጀመሪያ እሱን ስላለ።»

እናት በረጅሙ ተነፈሰች። «ግራጫ ይሁን» አለች ለውሃ ልክ።

እሱም የበሩ ቋሚ ላይ ሲባጎ አሰረና እየተረተረ ወደ በረንዳው መጣ። ሲባጎው የአዲሱን መንገድ ከፍታ ያሳያል። ወጥሮ ሲይዘው ግን ከበሩ ብዙም ሳይርቅ አንድ ቦታ ላይ ነክቶ ጎበጠ። አንዲት አሮጌ ሲሚንቶ ናት የነካችው።

ሲሚንቷን ያፈሰሳት አባት ነው። መኪናው ሁልጊዜ የሚሰምጥበት ቦታ እዚያ ስለነበር፣ አንድ ቀን ራሱ አሸዋና ሲሚንቶ አቡክቶ አንድ ትልቅ ትሪ የምታህል ነገር ሠራ። «ሌላውን ቀስ ብዬ እጨርሰዋለሁ» ብሎ ነበር፤ ሌላው እንደተወራ ቀረ። ያን ቀን ሲሚንቶው ሳይደርቅ ቁንጫ ከየት መጣች ሳትባል ዘላ መሃሉ ላይ ዓረፈች። እናት ጮኸች። አባት ግን አልደፈነውም። ሚስማር አነሳና ከሁለቱ ትንንሽ የእግር ምልክቶች ሥር «ቁንጫ» ብሎ ጻፈ። ቁንጫ ይህን አታስታውሰውም። ስለተነገራት ነው የምታውቀው።

«እህቴ! ይቺ ከሲባጎው በላይ ናት» ብሎ ተጣራ ውሃ ልክ። «ይቺስ እንዴት ትሁን?»

በዚያው ቅጽበት የእናት ስልክ ጮኸ። ስልኩን አየች። ሲሚንቷን አየች።

«ትቅር» አለችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ ቤት ገባች።

«እሺ» አለ ውሃ ልክ። ሲባጎውን መጠቅለል ጀመረ።

ቁንጫ ሰምታለች። ምንም አላሰበችበትም። እናት ስትመለስ ከውሃ ልክ ጋር በዋጋ ትንሽ ተከራከሩ፤ አያት አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እየፈረዱ አስማሟቸው። ሥራው ሰኞ እንዲጀመር ተስማሙ።

እሁድ አባት ደወለ።

«ቁንጫዬ! ምን አዲስ ነገር አለ?»

«ምንም።»

«ሁሉ ሰላም?»

«ደህና ነኝ። እማማን ላቅርብልህ።»

ሰኞ እናት በጠዋት ወደ ሥራ ሄደች። የምትሠራው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው፤ ስልክ መግቢያው ላይ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ እስከ መውጫ ሰዓት እዚያው ይውላል። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ቁንጫና አያት ቤት ቀሩ። ውሃ ልክ ሁለት ሠራተኞች አምጥቶ በር ላይ አወረደና እሱ አሸዋ ሊያስጭን ሄደ። አንደኛው ሠራተኛ ረጅም ነው። ሌላው የሱፍ ኮፍያ አድርጓል፤ ላብ ሲያጠምቀውም አያወልቀውም።

ቁንጫ ከበረንዳው ታያቸው ነበር። የበሩን አካባቢ ቆፈሩ። አፈሩን በጋሪ አወጡ። ከዚያ ረጅሙ ትልቁን መዶሻ አነሳና ሲሚንቷ አጠገብ እግሮቹን ከፈት አድርጎ ቆመ።

«ቆይ!» አለች ቁንጫ።

ድምፁ ከእሷ የወጣ አልመሰላትም። ሳታስበው ደረጃውን ወርዳ ነበር።

«ምነው እህት?» አለ ረጅሙ፣ መዶሻውን እንደያዘ።

«እሷን ማን ስበሩ አላችሁ?»

«ውሃ ልክ ነዋ። እናትሽ ትቅር ብላለች አለን።»

«ትቅር ነው ያለችው።»

«እኮ!»

«ትቅር ማለት እኮ . . . እዛው ትቅር ማለትም ሊሆን ይችላል።»

ረጅሙ መዶሻውን ወደ መሬት አወረደ። «እንዴት ተደርጎ? ትቅር ማለት ትጥፋ ማለት ነው። ዛሬ ምሳ ይቅር ከተባለ ምሳ አለ?»

«ላንተ ደግሞ መቼ ምሳ ቀርቶብህ ያውቃል!» አለ ባለ ኮፍያው። «ልጅቷ ልክ ናት። ውሃ ልክ ‹አንተ እዚህ ቅር› ሲልህ ምን ታደርጋለህ? ትጠፋለህ ወይስ ትቆያለህ?»

«እጠፋለሁ፤ እሱ ዞር ሲል።»

ሁለቱም ሳቁ። ቁንጫ አልሳቀችም፤ ሲሚንቷን እያየች ነበር። ባለ ኮፍያው ይህን አየና ሳቁን ዋጠው። ስልኩን አውጥቶ ለውሃ ልክ ደወለ። ከወዲያ በኩል የመኪና ሞተርና የሚወርድ ድንጋይ ጩኸት ይሰማል።

«ጋሼ፣ ይቺ በሩ ጋ ያለችው ሲሚንቶ ትነሳ ነው ትቆይ?»

«ትቅር ብላለች አልኳችሁ እኮ!»

«እሱማ ገባን፤ ግን . . .»

«ትቅር! ትቅር ነው ያለችው! አሸዋው ተጭኗል፣ እየመጣሁ ነው!» ስልኩ ተዘጋ።

«ይኸው፣ ተብራራልን» አለ ባለ ኮፍያው።

ቁንጫ ለእናቷ ደወለች። ጠራ፣ ጠራና ቆመ። እንደገና ደወለች። ስልኩ ብረት ሣጥን ውስጥ ብቻውን ሲንጫረር ታያት።

«እህት፣ ብዙ መጠበቅ አንችልም» አለ ረጅሙ። «አሸዋው ሲመጣ መኪናው እዚህ ድረስ መግባት አለበት። ካልገባ ውጭ መንገድ ላይ ይደፋዋል፤ ቀኑን ሙሉ በጋሪ ስናመላልስ ልንውል ነው።»

«ሳትሰበር ማንሳትስ አይቻልም?»

ባለ ኮፍያው ቁጢጥ ብሎ ጠርዟን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ስስ ናት። የሠራት ሰውዬ ውስጧ ሽቦ አላደረገም። ከተነካች ትበታተናለች።»

«መንገዱን እሷ ድረስ ከፍ ማድረግስ?»

«ከፍ ካደረግነው የዝናቡ ውሃ በሙሉ ወደ በረንዳችሁ ነው የሚወርደው። ሳሎናችሁ ውስጥ ዋና ትማሪያለሽ።»

ቁንጫ ወደ አያቷ ተመለሰች። አያት ሁሉንም ሲሰሙ ቆይተዋል፤ ነገር ግን እንዳልሰማ ሰው ነጠላ ክር ከቀሚሳቸው ላይ እየለቀሙ ነበር።

«እማማ፣ እማ ቅዳሜ ለት ትቅር ያለችው ምን ለማለት ነው?»

«አገጯን ወደ ላይ አድርጋ ነው ወደ ታች?»

«አላየሁም።»

«እዚያ ደረጃ ላይ ተተክለሽ ውለሽ ምን ስታዪ ነበር ታዲያ?»

ቁንጫ ምንም እያየች አልነበረም።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

አያት የለቀሙትን ክር በጣታቸው አድበለበሉት። «የሠራት ልጄ ነው። ስለ ልጄ ካልሽኝ ትቆይ። ስለ እግሬ ካልሽኝ ትነሳ። ስለዚህ እኔን አትጠይቂኝ፤ ዛሬ ሁለት አፍ ነው ያለኝ።»

«ማንን ልጠይቅ እና?»

«ሲሚንቷ ላይ ያለው እግር የማን ነው?»

ቁንጫ ወደ ሲሚንቷ ዞረች።

«በይ አሁን እስቲ ግፊኝ» አሉ አያት። «አጠገቧ ውሰጂኝ።»

በሳንቃው አወረደቻቸው። ከበረንዳው እስከ ሲሚንቷ ያለው አፈር ገና አልተቆፈረም፤ ደረቅ ስለሆነ ወንበሩ እየተንገታገተም ቢሆን ይሄዳል። ሠራተኞቹ ገለል አሉላቸው። ቁንጫ እንደ ሁልጊዜው እየገፋች ነበር። የፊተኞቹ ጎማዎች የሲሚንቷን ጠርዝ ሲመቱ ወንበሩ ባለበት ቀጥ አለ፤ አያት ግን አልቆሙም። ወደ ፊት ተወረወሩ።

ቁንጫ ትከሻቸውን ያዘች። በቀሚሱ ውስጥ የነካችው አጥንት የልብስ መስቀያ ይመስል ነበር። ሁለቱም ለትንሽ ጊዜ እንደዚያው ሆነው ቆዩ።

«ይኸው ነው» አሉ አያት ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። ፀጉራቸውን ወደ ሻሻቸው መለሱ። «አልወደቅኩም። እንደዚህ አትዪኝ።»

ቁንጫ ወንበሩን ወደ ኋላ ስባ ፍሬኑን ያዘች። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና ቀኝ እግሯን በሲሚንቷ ላይ፣ በትንሹ እግር ምልክት ላይ አሳረፈች። ትንሹ እግር ሙሉ በሙሉ ተሸፈነ። ጠበቀች። አንድ ነገር ይመጣ ይሆናል ብላ ነበር፤ ልቅሶም ይሁን ንዴት፣ የመጣውን ልትቀበል። የመጣው የሲሚንቶው ቅዝቃዜ ብቻ ነው። «ቁንጫ» የሚለው ጽሑፍ ተረከዟ አጠገብ ነበር። «ጫ» ላይ ሚስማሩ ተንሸራቶ ጭራው ረዝሟል። ይህን ከዚህ በፊት አላስተዋለችውም።

እግሯን አነሳች።

«ስበሯት» አለች።

ረጅሙ ወደ ባለ ኮፍያው አየ። «እርግጠኛ ነሽ? ኋላ እናትሽ መጥታ . . .»

«ከጠየቀቻችሁ እኔ ነኝ ያልኩት በሏት።»

«እሷ ካለች አለች ነው» አሉ አያት። ፊታቸውን ግን ወደ ውጭ በር አዙረው ነበር።

የመጀመሪያው ምት ነጭ ነጥብ ብቻ ጥሎ አለፈ። ሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው አንድ ቀጭን መስመር ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሮጠ። ቁንጫ ጫማዋን አላደረገችም ነበር፤ እያንዳንዱ ምት በመሬቱ ውስጥ አልፎ ውስጥ እግሯን ይመታታል። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ ግን የደነዘዘ እግር ሲነቃ እንደሚያደርገው ወረራት። ከዚያው አልተንቀሳቀሰችም።

ሲሚንቷ አራት አምስት ቦታ ሆነች። ስሙ ለሁለት ተከፍሎ «ቁን» አንድ ላይ፣ «ጫ» ብቻውን ቀረ። ባለ ኮፍያው አንዱን ስባሪ አነሳና አፈሩን በእጁ ጠርጎ ዘረጋላት። ግራው ትንሽ እግር ሳይሰበር አለበት። ጣቶቹ የአተር ፍሬ ያህላሉ።

«ለትዝታ አስቀምጪዋ።»

ተቀበለችው። ከብዷታል። «ሌላውን የት ነው የምትጥሉት?»

«አይጣልም። ለሙሌት ይሆናል። መጀመሪያ ከሥር ድንጋይ ይገባል፤ ከላዩ አሸዋ፣ ከዚያ ንጣፉ።»

«እዚሁ?»

«እዚሁ ነዋ። የት ልንወስደው?»

ቁንጫ ስባሪውን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ የተቆፈረው ውስጥ ገብታ ቁጢጥ አለችና ከበሩ ገባ ብሎ፣ ጣቶቹ ወደ ቤቱ እንዲያዩ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ይነቃነቃል» አለ ረጅሙ ከላይ። «ትንሽ ወደ ግራ። እንዲያ አይደለም፤ ከሥሩ ጠጠር ደግፊው።»

ደገፈችው። ገፋ አድርጋ ሞከረችው፤ አልተነቃነቀም። «ቁን»ንም «ጫ»ንም አጠገቡ ደረደረች። ሠራተኞቹ በአካፋ ትንንሽ ድንጋይ ጨመሩበት። ወዲያው ውጭ ጥሩምባ ተነፋ፤ የአሸዋው መኪና ደርሶ ነበር። ውሃ ልክ ከጋቢናው ወርዶ ወደ በሩ አየና «ጎበዞች! ትቅር ብያችሁ ነበር፤ ቀረች!» አለ። ባለ ኮፍያውና ረጅሙ ተያዩ።

እናት ስትመጣ ሠራተኞቹ ሄደዋል። ከበሩ ጀምሮ ጥቂት መስመር ግራጫ ንጣፍ ተነጥፏል፤ ከዚያ ወዲህ የተደለደለ አሸዋ ነው። ቁንጫ የበረንዳው ደረጃ ላይ አልነበረችም። መጥረጊያ ይዛ የተነጠፈው ላይ የተበተነ አሸዋ ትጠርግ ነበር።

እናት ቦርሳዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«ደውለሽልኝ ነበር። ሁለት ጊዜ። እማማ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

የእናት ትከሻ ወረደ። ከዚያ መሬቱን አየች። «ሲሚንቷስ?»

«አስሰበርኳት።»

«ትቅር ብዬው ነበር እኮ!»

«እማ፣ ትቅር ስትይ ትነሳ ነው ትቆይ ለማለት ነው?»

እናት ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እንጃ» አለች በመጨረሻ። «ስልኩ ጮኸ፤ አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት። ኋላ አስብበታለሁ ብዬ ነበር።»

«እማማ ሊወድቁ ነበር። ጠርዟ ወንበሩን ያዘው።»

«ወደቁ?»

«አልወደቁም። ያዝኳቸው።»

እናት ራሷን ነቀነቀች። «የት ጣሏት?»

«አልጣሏትም። እዚህ ሥር ናት።» ቁንጫ በመጥረጊያው ዘንግ አሳየቻት። «አንዱ እግር አልተሰበረም። ወደ ቤት አዙሬ ነው ያስቀመጥኩት።»

እናት ወደተባለው ቦታ ሄዳ ቆመች። ጫማዋን አየች፤ ከጫማዋ ሥር ያለውን ግራጫ ንጣፍ አየች።

«ይቅር» አለች።

የትኛው ይቅር እንደሆነ ቁንጫ አልጠየቀቻትም። እናት መጥረጊያውን ከእጇ ወሰደችና የቀረውን አሸዋ ልትጠርግ አጎነበሰች። ቁንጫ ቦርሳውን ተቀብላት ገባች።

መንገዱ በዚያው ሳምንት አለቀ። ዓርብ ዕለት የኪራዩ መኪና እስከ በረንዳው ድረስ ገብቶ አያትን ወሰዳቸው። እሁድ አባት ደወለ። ቁንጫ ስልኩን አነሳችና ሲሚንቷን እንዳስሰበረቻት ነገረችው።